ጣርማ በር ላይ ያየሁት

መኪናዋ የሰው ናት፤ በሯ በሽቦ ታስሯል፣
ለሰባት ተሠርታ ዘጠኝ ሰው ተሳፍሯል።
የሺመቤት አክስቴ ከፊት ተቀምጣ
"ቀስ በል፣ ዘርይሁን!" ትላለች፣ ገና ከግቢው ሳንወጣ።

ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ብለን ወረድን፤
ሻዩን ተወውና ብርጭቆውን ወደድን።
አባባ አልወረደም፤ መሪውን እንደያዘ
"ጉም ይቀድመናል" አለ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ፈዘዘ።

"አንድ ቀን" ይለን ነበር፣ ራት ላይ፣ መብራት ሲጠፋ፣
"ጣርማ በር አቆማችኋለሁ፤ ዓለም ከእግራችሁ ሥር ሲሰፋ
ታያላችሁ።"
"እኔን" ትላለች እናቴ፣ "ከሠርጌ ማግሥት ነው የቀጠረኝ፤
ገደሉም አርጅቶ ይሆናል፣ እኔንም እርጅና ጀመረኝ።"

ከቀይት ወዲያ ማዶው ገብስ፣ ወዲህ የድንጋይ አጥር፣
ኪሩቤል በግ ይቆጥራል፤ ሃምሳ ላይ ይጠፋዋል ቁጥር።
የበግ ለምድ ቆብ ሻጮች፣ አራቱን ባንድ ራስ ደፍተው፣
ከመኪናችን እኩል ሮጡ፣ ዋጋ ጠርተው፣ ቀንሰው፣ ጠርተው።
አክስቴ ተከራክራ አንዱን በግማሽ ወሰደች፤
ዓይኗን ቢሸፍናትም "ልኬ ነው" ብላ ካደች።

ከዚያ መንገዱ አለቀ።
ማለቴ አስፋልቱ አለ፤ የቀረው ዓለም ግን ራቀ።
ጉሙ በሽቦው በር ገባ፤ እንደ ፈታሽ ዳበሰን፣
አንገታችንን፣ ጆሯችንን፤ ክረምትን መልሶ አለበሰን።
ዋሻውን አለፍን፤ በወዲያኛው አፍ አባባ ሞተሩን አጠፋ።
ተሰለፍን። ፊት ለፊታችን፦ ምንም። ኪሩቤል ተከፋ።
"የታል ገደሉ?"

አባባ እጁን ዘረጋ፣ ወደ ነጩ፣ ወደ ባዶው፦
"እዚያ ታች ደብረ ሲና ነው፤ ቆርቆሮው ያበራል በማዶው።
መንገዱ ይጠማዘዛል፤ እዚህ ጋ መኪና ያቃስታል፣
ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን እንደ ላስቲክ ይሸታል።
ዝቅ ስትል ብርዱ ይለቅሃል፤ የሎሚ ሽታ ይመጣል፣
ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ሰዉ ሸሚዙን አውልቆ ይቀመጣል።"

"መቼ አየኸው?" አለች እናቴ።

"አላየሁትም" አለ። "ረዳት ነበርኩ፣ የአሰብ መኪና ላይ፤
ሸራ ሥር፣ ከጆንያ መሃል፤ የምናልፈው ሌሊት ነው፣ ሰማይ
እንኳን የለም። በሆዴ ነው ኩርባውን የቆጠርኩት፣
በአፍንጫዬ ነው ደጋና ቆላውን የለየሁት።
'ይህ ቦታ በቀን...' ይለኝ ነበር ሾፌሩ፣ ጋሽ ምንይሉ፣
ከንፈሩን ይመጥና ይቀራል፤ እዚያው ያልቃል ቃሉ።"

ማንም አልሳቀም። አክስቴ ቆቧን ከዓይኗ ከፍ አድርጋ
"በሉ ፎቶ ተነሡ" አለች፤ "ነዳጅ በስንት ዋጋ!"

ስልኩ ለእኔ ተሰጠ። ስምንቱ ጀርባቸውን ለጉሙ ሰጡ፤
"ጠጋ በሉ!" አልኩ፤ ትከሻ ለትከሻ መጡ።
ያኔ ከኋላቸው ነጩ ተቀደደ እንደ አሮጌ ነጠላ፣
ፀሐይ በቀዳዳው ወርዳ ገደሉን ሞላ።
አየሁት። ቆርቆሮው በማዶው አበራ፣ ልክ እንደተባለው፣
መንገዱ ሄዶ ሄዶ ይመለሳል፣ ረስቶት የመጣ ነገር እንዳለው።
አንዲት የጭነት መኪና፣ ከጥፍሬ ያነሰች፣
ሽቅብ ታቃስታለች፤ ድምፅዋ ገና አልደረሰች።
ጠርዙ ላይ ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፣
ይህን ሁሉ ከኋላ ትተው፣ እንደኛ ሰዎች፣ ወዲህ ያያሉ።

አፌ ተከፈተ፤ ቃል አልወጣም። ጣቴም ስልኩ ላይ ደረቀ።
"አነሣሽን?" አለች አክስቴ። ሲዞሩ ጉሙ ገጥሞ ጠበቀ።

"ምን ሆነሽ?" አለኝ አባባ። "ቆርቆሮው" አልኩት፣ "ያበራል።"
ቆሞ አየኝ፣ ብዙ ቆሞ። "አይደል?" አለ። "ያበራል።"
"መኪናስ አየሽ?" "አንዲት፣ ታቃስታለች።"
እናቴ ምንም አላለች፤ አንገቱ ላይ ሻርፗን ጣለች።

ቁልቁል ወረድን። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑ ሸተተ፤
ኪሩቤል "ላስቲክ!" ብሎ ጮኸ፤ በሩ ከነሽቦው ተከፈተ።

ጣቴ ዘግይቶ ያነሣው ስምንት ጀርባ ነው፣ አንድ ቆብ፣ ሌላው ጉም።
አክስቴ "ያ ሁሉ ነዳጅ!" ትላለች፤ ይቅር አላለችኝም።
አባባ ግን አሳጥቦ ሳሎን ሰቀለው፤ እንግዳ ሲመጣ ይነሣል፣
ከራሶቻችን በላይ ያለውን ነጭ በጣቱ ይዳስሳል፦
"ይኸውላችሁ ደብረ ሲና፤ ቆርቆሮዋ ያ የሚያበራው።"
እንግዳው መነጽሩን ይጠርጋል።
"መኪናዋ" እላለሁ ከጓዳ፣ "ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከወደ ግራው።"